የጣት ኦክስጅን መለኪያው በእናቴ ጣት ላይ

እናቴ ለረጅም ዓመታት አስም ያለባት ሴት ናት። ክረምት ሲገባ ትንፋሽ ስለሚያጥራት፣ ባለፈው ሰኔ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ገዛሁላት። ሐኪሞች ፐልስ ኦክሲሜትር ይሉታል፤ ነርሶች «ሳቹሬሽኗ (በደሟ ያለው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) ስንት ነው?» ሲባባሉ የሚያዩት ቁጥር የሚወጣው ከዚሁ ዕቃ ነው።

ለአጠቃቀም አያስቸግርም። ቁጥሩ ደማቅ ስለሆነ እናቴ ያለ መነጽር ታነበዋለች፤ ባትሪውም ክረምቱን በሙሉ አገልግሎናል። እጇ ሲቀዘቅዝ ግን ይዋዥቃል። እንሶስላ በሞቀች ሰሞንም ቁጥሩ አልረጋ ስላለኝ፣ ቀለሙ ከጥፍሯ እስኪለቅ ድረስ የመዘገብኩትን ለብቻው ምልክት አደረግሁበት።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። መሣሪያው 94 ስላለ ልቤ አረፈና እስኪነጋ ቆየን። ሆስፒታል ደርሰን ከእጅ አንጓዋ ደም ሲቀዳ ጣቷ ላይ የነበረው መሣሪያችን 93 ያሳይ ነበር፤ የደም ምርመራው ግን 87 ሆኖ መጣ። ያን ሌሊት በመቆየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሟ ምክንያቱን አስረዳችን። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ) ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ደሙ ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደዋጠ በማነጻጸር ኦክስጅኑን ይገምታል፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል፤ ግምቱ የተስተካከለው ደግሞ በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየባቸው የጥቁር ታካሚዎች ልኬቶች መካከል በ11.7 በመቶው ትክክለኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ ሲገኝ፣ በነጮቹ ዘንድ ይህ የታየው በ3.6 በመቶው ብቻ ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለፍተሻ የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰዎችን ሲሆን፣ ከእነርሱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው 2 ወይም 15 በመቶ መሆናቸው ይበቃ ነበር። በሁለት ሰው ጣት የእኛን ሁሉ ጣት መወከል እንደሚቻል መታሰቡ ያሳዝነኛል። በየመድኃኒት ቤቱ ከሚሸጡት ርካሽ መለኪያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ያንኑ ፍተሻ እንኳ ያላለፉ ናቸው።

ከመሣሪያው ጋር የመጣው ወረቀት ጤናማው መጠን ከ95 እስከ 100 ነው ይላል። ይህ ቆላ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሠራ ልኬት ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ጤነኛ ሰውም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። አንድ ቁጥር ለቆዳው ከፍ፣ ለደጋው ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ገዢው ብቻውን ሊፈታው አይችልም።

ቢሆንም መሣሪያውን አልጣልኩትም፤ ለሌላ ሰው ግዛ ብዬ ብመክርም እንዴት እንደሚነበብ አብሬ እነግራለሁ። በሐኪሟ ምክር ጠዋትና ማታ፣ እናቴ ዕረፍት ላይ ሳለች፣ እጇን አሙቄ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቄ በደብተር እመዘግባለሁ፤ የማየውም ከራሷ ከወትሮው መውረዱን ነው። ትንፋሽ ካጠራት ቁጥሩ ምንም ቢል ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ካርቶኑን ደጋግሜ አገላብጬ አይቼዋለሁ። የባትሪው ዓይነትና የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል፤ በእነማን ጣት ላይ እንደተፈተነ የሚናገር ግን አንድም መስመር የለውም።