ደብረ ብርሃን ላይ መጽሐፍ በኤክስኤምኤል የምታሠሩ፣ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የኮምፒውተር ቤቱን ስም አልጠራም። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ፦ ታይፕ፣ ሌይአውት፣ ሶፍትዌር፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም በራቸው ላይ ተለጥፏል። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ከዚያ "ነገ ብቅ ይበሉ" ነው።

ሥራው የመንዝ ታሪክ ጽሑፌ ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ በኤክስኤምኤል (የጽሑፉ ክፍሎች ታግ በሚባሉ ምልክቶች በሚለዩበት የፋይል ዓይነት)፣ ለመጻሕፍት በሚያገለግሉት የዶክቡክ 4.5 ታጎች ተሠርቶ በዲቲዲው (የትኛው ታግ የት እንደሚገባ በሚወስነው የደንብ ፋይል) የተፈተሸ ፋይል ፈለገ፤ ገጹን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ምዕራፉን ከግርጌ ማስታወሻው የሚለየው በታግ ነዋ። በ6 ሺህ ብር ተስማማን።

ከመሀል ሜዳ መጥቼ "በፊቴ ፈትሽልኝ" አልኩት ልጁን። በብሮውዘር ከፈተና "ይኸው ጋሼ፣ ተከፈተ!" አለኝ። ብሮውዘር እኮ ታጎቹ በሥርዓት መከፈት መዘጋታቸውን እንጂ ዲቲዲውን መከተላቸውን አያይም። ይህን ስነግረው ፊቱን አጨማዶ ኤክስኤምኤል ሊንት በሚባለው ፈታሽ ፕሮግራም አስኬደው፣ ስክሪኑ በስህተት ተሞላ። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ውስጥ ጽሑፉ የአንቀጽ ታግ ሳይኖረው እንዲሁ ተወርውሯል፣ ዶክቡክ ይህን አይቀበልም። ርዕስ የሌላቸው ምዕራፎችም አሉ። ታዲያ ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዓይኔ እያየ ከትእዛዙ ላይ "ቫሊድ" የምትለዋን አጠፋና እንደገና እንተር መታ። ፕሮግራሙ ዝም አለ። ዝም ይላላ! በዲቲዲው ፈትሽ ያለው የለም።

"አዩ ጋሼ፣ ኤረር የለም።" እየሳቀ እኮ ነው።

የቤቱን ባለቤት ጠራኋት። ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል "ኤክስኤምኤል ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው፣ አማርኛ ሲገባበት እንዲህ ያደርገዋል" አለችኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት የሚያውቅበት ሥርዓት) ውስጥ ከገባ እኮ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው! የታግ ስም ራሱ በአማርኛ ሲሆን የማይፈቀደው ድሮ ነበር፣ የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ፈቅዶታል። የኔዎቹ ታጎች ደግሞ ጭራሽ የዶክቡክ እንግሊዝኛ ናቸው። ብሩን መልሱልኝ ስል በአገጯ ግድግዳውን አሳየችኝ፦ "ቀብድ አይመለስም"። ልጁም ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

ለማንኛውም መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ብቻ አሠርታችሁ ለአሳታሚው ላኩ። ሲፈትሹላችሁም "ቫሊድ" ትእዛዙ ውስጥ መኖሯን እዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀሪውን መክፈል።