የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፣ ከልብ እናመሰግናለን

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ አዲስ አበባን ለመጎብኘት ካሰባችሁ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔ ከፍዬ አይቼዋለሁ።

እማዬ አዲስ አበባን የምታውቃት በሕክምና ብቻ ነው። ላምበረት ትወርዳለች፣ ሐኪም ቤት ትገባለች፣ መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። ጎረቤታችን እትዬም እንደዚያው ናቸው። ሁለቱ የዕድሜ ልክ ቡና አጣጮች ናቸው። እማዬ ሙስሊም፣ እትዬ ክርስቲያን፤ አንዷ ያለ አንዷ ግን የትም አይሄዱም። የሁለቱንም ጉልበት ያማቸዋል። «በሕይወት እያላችሁ አንድ ሳምንት ወስጄ ከተማውን አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ቀላል ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጉዞ አዘጋጅ ሰውዬ አፉ ማር ነው። ስሙንም ቢሮውንም ልተወው፣ አላህ ይፍረደው። ቀብዱን ተቀበለና «ሁሉም አልቋል፣ እናንተ ሻንጣ ብቻ አዘጋጁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል የምትመልስልኝ የቴሌዋ ሴትዮ ብቻ ሆነች። ሁለተኛው እንኳን አልጠፋም። ዕቅድ ብሎ የሰጠኝ ወረቀት ግን ጉድ ነው። በአንድ ቀን እንጦጦ፣ ሙዚየም፣ መርካቶ፣ ቤተ መንግሥት፣ ሌላም ሌላም። «እናቶች እኮ ናቸው፣ መራመድ ይከብዳቸዋል» ስለው «ምን ችግር አለው፣ ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል» አለኝ። ለዚህ ለዚህማ ቤታችን ቴሌቪዥን አለ! ይባስ ብሎ ሆቴሉ ጋ ራሴ ደውዬ ስጠይቅ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰርም የለው። ይህን ስነግረው የተቆጣው እሱ ሆነ። እማዬም «ተይው ልጄ፣ ደሴ ምን አነሳት» ማለት ጀመረች። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ «እስቲ እዚህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችውን ጉዞ አዘጋጅ ልጅ አነጋግሪያት» አለችኝ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የአዲስ አበባ ካርታ። በቃ ይኸው ነው።

ገንዘብ አላነሳችም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እናቶች ደረጃ ይወጣሉ?» ብላ ነው። ቀጥላ «ምን ይበላሉ? ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት?» አለችኝ። ወሎዬ ናትና ስጋው እንደሚለያያቸው ገብቷታል፤ ሁለቱ አብረው የሚቆርሱበት ጥሩ የጾም በያይነቱ ያለበትን ቤት ትፈልግ ጀመር። ደግሞ «አዲስ አበባ ዘመድ አላችሁ?» አለች። ኮልፌ የአክስቴ ልጅ አለች አልኳት። «እንግዲያው መሀሉ ላይ አንድ ቀን ባዶ እንተው። ዘመድ ሳይጠይቁ ቢመለሱ ወቀሳው ለእናንተ ነው» አለች። ልክ ናት። የአክስቴን ልጅ የምታውቋት ታውቋታላችሁ።

ከዚያ ኮምፒውተሯን እየነካካች ምን ምን እንደምታደርግ አልገባኝም፤ ልዋሻችሁም አልፈልግም። የገባኝ ካርታው ላይ በጣቷ ያሳየችኝ ነው። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ አንድ መስመር ናቸው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም፣ ሁሉም በዚያው መንገድ ላይ ይገኛሉ። «ግን ሁለቱን ሙዚየም በአንድ ቀን አላደርግም። ደረጃ አላቸው። በቀን ከሁለት ቦታ በላይ ማየት ለወጣትም ድካም ነው» አለች። ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችን። እማዬ ያለ መነጽር አነበበችው።

አሁን ስለ ጁምዓው ልንገራችሁ፣ የምጽፈውም ለእሱ ስል ነው። «ዓርብን መርካቶ አድርጉት» ብላን ነበር። «አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። እማማ ሲሰግዱ እትዬ ይሳለማሉ። ግዢ ካላችሁ ከሶላት በኋላ ይሁን፣ ቦርሳና ስልክ ግን ጠበቅ አድርጉ።» እኔ ብሆን መቼ ይታየኝ ነበር? እንዳለችው ሆነ። እኔና እማዬ ከሴቶቹ ጋር ገባን። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ራጉኤል አቀኑ።

ቆይ፣ የመቀመጫ ዱካውን አልነገርኳችሁም። ያዘጋጀችልን ሾፌር የመኪናውን የኋላ ኮፈን ሲከፍት ሁለት ዱካ አለ። «ከደሴ ደውላ አዛኛለች፣ እናቶች የደከማቸው ቦታ ሁሉ እንዳወጣ» አለን። ማንም አልጠየቃት፣ አላስከፈለችንም። እና እትዬ ተሳልመው ሲጨርሱ ሾፌሩ በሩ አካባቢ ዱካውን ዘርግቶላቸው እኛን ይጠብቃሉ። አንዱ መንገደኛ እንደ ነዳይ ቆጥሯቸው ብር ጭናቸው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ! እሳቸው እቴ፣ ምንም ሳይሉ ብሩን አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴትዮ አቀበሏት። ስንደርስ «አዲስ አበባ ደግ ከተማ ናት» አሉን። እስካሁን ቡና በተፈላ ቁጥር ይወራል።

ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አየናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ በ1967 ሐዳር የተገኘችው። ሐዳር ከባቲ ወዲያ ቆላው ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው እማዬ «የጎረቤት ልጅ ናታ!» አለች። አንድነት ፓርክም ገባን፤ የምኒልክን የግብር አዳራሽ አይታ «የእኛ የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ይበልጣል» አለች። ከእሷ ጋር አይከራከሩም።

የእትዬ ቀን ግን የዓድዋው ነው። ፒያሳ ያለው፣ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። እትዬ ትውልዳቸው ውጫሌ ነው። አስጎብኚው ልጅ በ1881 ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል እንዴት ለ1888ቱ ጦርነት ምክንያት እንደሆነ ሲናገር እትዬ እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ። «የእኔ አገር ነው፣ እዚያ ነው የተወለድኩት» አሉ። ልጁ አቋርጠውኛል አላለም። አጎንብሶ እጃቸውን ሳመ፤ አብረውን የነበሩት አጨበጨቡ። እትዬ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልፈለጉም፣ ከሰዓት የያዝነውም ፕሮግራም ሊያልፍ ነው። ጭንቅ ሲለኝ ደሴ ደወልኩ። «ተያቸው እህቴ፣ ደስታቸውን አታቋርጪ። የከሰዓቱን እኔ አዛውረዋለሁ» አለችኝ። አዛወረችው፤ አንድ ብር አልጨመርንም።

እንጦጦን መጨረሻ ላይ ነው ያደረገችው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጋቢ ያዙ አለችን። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው የእንጦጦ ብርድ ምን አላት! ቢሆንም ያዝን። ምኒልክ የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን እትዬ ተሳለሙ፤ እማዬ ዱካዋ ላይ ሆና ቁልቁል ከተማውን ስታይ ቆየች።

ስንመለስ በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ መጣን። እማዬን አውሮፕላኑ ምንም አላላት፤ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሀረጎ ዳገት ላይ ግን ታክሲው ሲጠማዘዝ አስታወካት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይቺን ልጅ ያዟት። ቀብድ ስትቀበል ደረሰኝ ትሰጣለች። ስልኳን ታነሳለች፣ ማታም ቢሆን። የማያዋጣችሁን «ይቅርባችሁ» ትላለች፣ እሷ የምታገኘው ቢቀንስም። የእኔ እህት፣ አላህ ይስጥሽ፣ እድሜና ጤና ያድልሽ። እትዬም በሄዱበት ስምሽን እያነሱ ይመርቁሻል።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ዋጋ አትከራከሯት፣ ከሌሎቹ ይቀንሳል። ስትሄዱ የእናትና የአባታችሁን ሕመም ሳትደብቁ ንገሯት፣ በእሱ ነው የምታቅደው። ሰኞ ግን አትሂዱ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ትኬት ቆራጩ በሯን ያጣብበዋል።