ጎማውን ትተው ቸርኬውን ላዩልኝ ጋሼ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው አንድ የሳይክል ባለሙያ ለማመስገን ነው። ቱብለስ ጎማ ያላችሁ ሰዎች በተለይ አንብቡልኝ።

አምና ወንድሜ ከጀርመን ሲመጣ ሳይክል ይዞልኝ መጣ። ካላማዳሪያ የሌለው፣ ቱብለስ። በየሳምንቱ ካላማዳሪያ ሳስለጥፍ ለኖርኩት ለእኔ ትልቅ ግልግል ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የኋላው ጎማ ማታ ተነፍቶ ያደረ፣ ጠዋት መሬት ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጎማውን በብረት ፈልቅቀው አወጡ፣ ቸርኬው ውስጥ ዙሪያውን የሚለጠፈውን ፕላስተር ቀየሩ፣ ማሸጊያ ፈሳሽ ጨመሩ፣ ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ተነፈሰ። ስመለስ "ጎማው አርጅቷል" አሉኝ። አዲስ ገዛሁ። እሱም ተነፈሰ። አንድ ቅዳሜ ከእንጦጦ ስወርድ ኩርባ ላይ ከሥሬ ሲለሰልስብኝ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን አለቀቀኝም።

ያኔ ነው የሥራ ባልደረባዬ እኚህ ጋሼ ጋ የላከችኝ። መጀመሪያ ያደረጉት ጎማውን ነፍተው የሳሙና አረፋ መቀባት ነበር። ጎማው ላይ ምንም የለም። የቸርኬው ሽቦዎች ሥር ግን አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። "አየሽ ልጄ? ጎማሽ ጤነኛ ነው። የሚያፈሰው ቸርኬሽ ነው" አሉኝ።

ጎማውን አውልቀው ጣቴን በቸርኬው ውስጥ እንዳስኬድ አደረጉኝ። መሃሉ ጎድጎድ ያለ ቦይ ነው። ግራና ቀኙ ጠፍጣፋ መደብ። መደቡ ጫፍ ላይ ጣት እንጂ ዓይን በቀላሉ የማያገኛት ትንሽ ጉብታ አለች። ጎማው ሲገባ ከንፈሩ፣ ማለትም የጎማው ጠርዝ፣ ቦዩ ውስጥ ያርፋል። ሲነፋ መደቡ ላይ ይወጣል። ጉብታዋ ተመልሶ እንዳይወርድ ትይዘዋለች። ቦዩ ላይ ያሉትን የሽቦ ቀዳዳዎች የሚደፍነው ደግሞ ፕላስተሩ ነው። ለኩት። የቸርኬው ውስጥ 25 ሚሊሜትር፣ የተለጠፈልኝ ፕላስተር 21። አየሩ በጠርዙ ሾልኮ በቀዳዳዎቹ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ጎማ ገዝቻለሁ!

የድሮውን ልጠው ቸርኬውን በአልኮል ወለወሉ። ሰፋ ያለውን ፕላስተር ጥብቅ አድርገው እየወጠሩ ዞሩት። የቫልቩን ቀዳዳ በቢላ አልቀደዱም። ሚስማር በእሳት አግለው ወጉት፤ ዙሪያው ቀልጦ ክብ ሆነ። በምላጭ የተቀደደ በኋላ ይተረተራል አሉኝ። የቫልቩን ብሎን በጣት ብቻ አጠበቁ። መንገድ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ቢያጋጥመኝ ፈትቼ ካላማዳሪያ ማስገባት እንድችል ነው። ኮምፕሬሰር ሲሰጡት ጧ! ጧ! አለ፤ ሁለቱም ከንፈር መደቡ ላይ ወጣ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በቫልቩ ጨመሩ። ፈሳሹ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ በተለይ በበጋ፣ በየሁለትና ሦስት ወሩ አሳዪኝ ብለዋል።

አንድ ነገር ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። የእኔ ቸርኬ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ የለውም። እንዲህ ያለው ከ72 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ አይነፋም፤ ጎማው ላይ ያነሰ ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ የሚከበረው ያ ነው። እኔ በ35 ነው የምነዳው። ጎሚስታ ጋ ዝም ብላችሁ ሳታስለኩ አታስነፉ፤ ከልክ ካለፈ ጎማው ከቸርኬው ሊያመልጥ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። የታናሽ ወንድሜን አሮጌ ሳይክልም ቱብለስ እንዲያደርጉልኝ ለምኛቸው ነበር። ቸርኬውን አገላብጠው አዩና "ይሄ መደብ የለውም፤ ጎማውን አይዝም። ልጁን አደጋ ላይ አልጥልም፣ አንቺም ገንዘብሽን አታባክኚ" ብለው መለሱኝ። ሥራውን ሠርተው ቢያስከፍሉኝ በምን አውቅ ነበር?

አምስት ወር ሆነ፤ ጎማዬ አንድ ቀን መሬት ይዞ አላደረም። ለእጃቸው የጠየቁኝ ለዚያ አላስፈላጊ ጎማ ከከፈልኩት በጣም ያነሰ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን በአደባባይ አልለጥፍም። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ ይበዛል። ጎማውን ብቻ ነቅላችሁ እንዳትወስዱ፣ ሙሉ ሳይክሉን ማየት ይፈልጋሉ።