600 ሰዓት ለቆጠረችልን ሴት

እህቴ ባለፈው ወር ፍኖተ ሰላም ላይ የራሷን የፊት ቆዳ እንክብካቤ ቤት ከፈተች። አንዲት ክፍል ናት፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ስቲመር (ፊት ላይ እንፋሎት የሚነፋ ዕቃ)፣ ባለ አጉሊ መነጽር መብራት፣ የተጣጠፉ ነጫጭ ፎጣዎች፣ ግድግዳው ላይ ንግድ ፈቃዷና የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋ። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። በየመስመሩ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የፈጀው ጊዜና ፊርማ ሰፍሮበታል። የመጨረሻው ድምር 600 ሰዓት ይላል። ዛሬ የማመሰግናት ያንን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የፈረመችውን ሴት ነው። የቆዳ ነገር ያስጨነቃችሁ፣ ወይም ልጃችሁን እዚህ ሙያ ላይ ለማሰማራት የምታስቡ ወገኖቼም እንድታውቋት ብዬ ነው።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አስምላኛለች፤ ቃሌን አከብራለሁ። የምትሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። እኛ ቤት "እትዬ" ነው የምንላት፤ እዚህም እንደዚያው ልበላት።

ያወቅኋት በገዛ ፊቴ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፤ ከወለድኩ በኋላም አልለቅ አለኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳው ፊት ስቆም ሁሉም የሚያየው ማድያቴን ይመስለኝ ነበር። አንድ ሱቅ "ማጥሪያ ነው" ብለው ስም የሌለው ብልቃጥ ሸጡልኝ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ወለል አለ። ጎረቤት ሁሉ ምን ተቀባሽ እያለ ጠየቀኝ። በአራተኛው ወር ግን ቆዳዬ ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ሥሬ ይታይ ጀመር። ምጣድ አጠገብ ስቀርብ ይለበልበኛል፤ አንድ ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ፊቴ ቀልቶ ብጉር ይወረዋል።

እትዬ ዘንድ የሄድኩት ፌሻል ሠርታልኝ ፊቴ እንዲመለስ ነበር። አስተኝታ መብራቱን አብርታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና፣ "ዛሬ ፊትሽን አልነካውም፤ የምትቀቢውን ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ። ብልቃጡን ወስጄ ሳሳያት እንዲህ አለችኝ፦ "ውስጡ ምን እንዳለ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ፊትሽ ላይ የማየው ግን ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሲሰነብት የሚያመጣውን ነው። በአንድ ጊዜ ብታቆሚው ይብስብሻል። እንዴት እንደምትተዪው የቆዳ ሐኪም ይንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ።" አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም። ደንበኛ አጥታ ወደ ሐኪም የምትልክ የውበት ባለሙያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐኪሙም ያለው ያንኑ ነበር፤ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉት የስቴሮይድ ቅባቶች ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ የሚያዛቸው መድኃኒቶች እንጂ የመዋቢያ ቅባት አይደሉም።

ቆዳዬ ሲያገግም ተመለስኩ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሰጠችኝ ትምህርት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ የጮቄ ተራራ ንፋስ ፊታችንን እያቀዘቀዘው ጨረሩ ሥራውን ይሠራል። "ጃንጥላሽን አትጣይ፤ የፀሐይ መከላከያሽን ጠዋት ተቀቢ፣ በዕረፍት ሰዓትም ድገሚው" አለችኝ። ማድያት ሙቀትም እንደሚያብሰው የነገረችኝ እሷ ናት፤ እንጀራ ስጋግር ምጣዱ ላይ እንዳላጎነብስ፣ ወይባ ስሞቅም ፊቴን ከጭሱና ከፍሙ እንዳርቅ። ወይባውን ተዪው አላለችኝም። የእናቶቻችንን ነገር ስታንቋሽሽ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም፤ ይህን ደግሞ በጣም እወድላታለሁ። ማድያቴ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ፈዝዟል። እንደማይጠፋም ከመጀመሪያው ነግራኛለች።

ወደ እህቴ ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ውጤቱ ጥር 2015 ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እህቴ ከቀሩት ውስጥ ነበረች። እንደዚያ ያሉ ብዙ ልጆች እያሉም እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ሐዘኑ ለብቻው ነበር። ልጅቱ ከጓዳ አልወጣም አለች። እናቴ ምግብ አቅርባ ስትለምናት፣ እኔ ስቆጣት ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘንድ ስሄድ ይዣት ሄድኩ፤ ከቤት ትውጣልኝ ብዬ ብቻ ነው። ተቀምጣ ስታይ ዋለች። ማታ ስንመለስ፣ "ያ መብራት ግን ሁሉን ነገር ያሳያል?" ብላ ጠየቀችኝ። ከውጤቱ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

እትዬን አስተምሪልኝ ብዬ ለመንኳት። መጀመሪያ ቴክኒክና ሙያ ትመዝገብ፣ ሥልጠናዋን ትጨርስ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ትፈተን፤ እኔ ዘንድ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ትምጣ አለች። "ያለ ወረቀት ከእኔ ብትማር እጇ ይሠራል እንጂ የመሥራት መብት አይኖራትም፤ ነገ ንግድ ፈቃድ ስትጠይቅ በር ላይ ትቀራለች" አለችኝ። ሌላ ቢሆን ነፃ ጉልበት አገኘሁ ብሎ ዝም ባለ ነበር።

የሰዓቱን ደብተር ያመጣችውም ያኔ ነው። አብሮ አደጓ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚሁ ሙያ ትሠራለች። እዚያ የፊት ቆዳ ባለሙያ ለመሆን 600 ሰዓት ተምሮ የክልሉን ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ቴክሳስ ደግሞ 750 ሰዓት ይጠይቃል። እትዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ እጇ ስር የምትገባ ልጅ ሁሉ ከኮሌጁ ሥልጠና ሌላ 600 ሰዓት እንድትሞላ ታደርጋለች። ማንም አላስገደዳትም። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ሰው 30 ሳምንት ነው። እህቴ ግን ትምህርቱም በዓሉም እየገባባት ከዓመት በላይ ፈጀባት።

የመጀመሪያዎቹ 100 ሰዓታት የሰው ፊት አልነካችም። ፎጣ አጠበች፣ አልጋ አነጠፈች፣ ዕቃ አጸዳች። ጓደኞቿ "የቤት ሠራተኛ አደረገችሽ" ሲሏት አልቅሳ መጣች። እኔም ተጠራጥሬ ነበር። እትዬን ስጠይቃት ወደ ጓዳዋ ወስዳ አሳየችኝ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ትበጠብጣለች፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ዕቃው እዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ መቀቀያው ይገባል። ምላጭና መርፌ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ። "የጉበት ቫይረስ በዓይን አይታይም። ይህን ሳትለምድ ፊት ብትነካ እኔ ነኝ የበደልኩት" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የትም ጸጉር ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የዕቃ ማጠቢያውን ነው።

እጅ መልመጃው ደግሞ በእኛ በቤተሰቡ ላይ ነበር። አንድ ቀን እናቴን ወሰድናት። ጋደም በይ ስትባል ፈራች፤ አንገቷ ላይ ያለው የልጅነት ንቅሳቷ እንዳይታይባት ነጠላዋን ሳበች። እትዬ፣ "እማማ፣ እሱማ ጌጥዎ ነው፤ ለምን ይሸፈናል?" ብላ ነጠላውን በቀስታ ገለጥ አደረገችው። እህቴ ለብ ባለ ፎጣ ፊቷን ጠራርጋ ማሸት ስትጀምር እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታገለግል የኖረች እናቴ ፊቷን ሰው ሲዳስስላት ያየሁት ያኔ ነው፤ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እህቴ ደብተሩ ላይ 1 ሰዓት ብላ ጻፈች። እትዬ ሰርዛ 40 ደቂቃ አደረገችው፦ "20ውን ደቂቃ ስናወራ ነበር።" 600ው የተሞላው እንዲህ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረቻት ግን መቼ እንደማትነካ ነው። አንዲት ልጅ ለእህቷ ሠርግ ስክራብ (ቆዳን ፈግፍጎ ማጽዳት) ልታሠራ ከገጠር መጣች። ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ሰፈሩ ቋቁቻ ነው ብሏታል። እትዬ ዓይኗን እንድትጨፍን ነግራት በጥጥ ጫፍ ዳር ዳሩን፣ ከዚያም መሐሉን ነካች። መሐሉን ስትነካው ልጅቱ አልሰማትም። እትዬ ሥራዋን አቁማ ራሷ ሆስፒታል ወሰደቻት። የነጣና የደነዘዘ ቆዳ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው በነፃ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር መድኃኒት ተወስዶ ይድናል፤ ቶሎ ከተጀመረም አካል አይጎድልም። ልጅቱ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደተባለች እህቴ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። የደንበኛ ገመና እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ጥር ላይ ደግሞ፣ ሠርጉ ሲበዛ፣ እትዬ ለቀብር ሄዳ እህቴ ብቻዋን በነበረችበት ቀን አንዲት ሙሽራ መጣች። ሠርጓ ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በኬሚካል መላጥ) ሥሪልኝ፣ እጥፍ እከፍላለሁ አለች። እንደኛ ያለ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይጥላል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። እህቴ ይህን ታውቃለች፤ ገንዘቡ ግን አጓጓት፤ ለእትዬ ደወለችላት። እትዬ ከለቅሶ ቤት ሆና፣ "እርጥበት ስጪያት፣ ቅንድቧን በክር አስተካክይላት፣ በመደበኛው ዋጋ ሸኚያት" አለቻት። ሙሽራዋ ተቆጥታ ሄደች። አሁን እህቴ ሙሽሮችን ከ2 ወር በፊት ነው የምትመዘግበው፤ አዲስ ነገር ስትቀባም መጀመሪያ ክንድ ላይ ወይ ከጆሮ ኋላ ሞክራ ሁለት ቀን ትጠብቃለች።

ስለ ገንዘብ አያያዝም አሠልጥናታለች። ይህ ሥራ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይሞላል፣ በሁዳዴ 55 ቀን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሠርጉ ወራት እቁብ አስገባቻት፤ ስቲመሩም አልጋውም የተገዛው በዚያ እቁብ ነው። ቤት ስትከፍትም ደብረ ማርቆስ ላይ ከእኔ ጋር አትሻሚ፣ ፍኖተ ሰላም ሰው ይፈልጋል ብላ ቦታውን አብራት ዞራ ፈለገች። ለመክፈቻው ቀን የመቀቀያ ዕቃ ስጦታ ይዛ መጣች። እናቴ ምን ብዬ ላመስግንሽ ስትላት፣ "እማማ፣ ፊትዎን አንዴ ልሥራልዎት፣ እሱ ይበቃኛል" አለቻት።

እትዬ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ከጓዳ አውጥተሽ ሰው ፊት ላቆምሽልን ልጅ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልን። የእናታችን ምርቃት ይድረስሽ።

ለምትሄዱ ወገኖቼ፦ አድራሻዋን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ፣ ስም የሌለውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የወሊድ መከላከያ የምትወስዱ ከሆነ ንገሯት፤ ሁለቱም ማድያትን ሊያመጡ ስለሚችሉ ትጠይቃችኋለች። አጥሪኝ፣ አንጪኝ ለሚል ሰው አትሠራም፤ በዚህ አትለምኗት። ልጅ ልታስተምሩ የምትፈልጉም አንድ ጊዜ የምትይዘው አንዲት ልጅ ብቻ ስለሆነ አስቀድማችሁ አነጋግሯት። እሁድና ወር በገባ በ21 ለማርያም ዝግ ነው።