«ሪችመንድ ብሉዝ»፦ በአራት ዶላር የገዛሁት ጎረቤት

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ፣ ከተሸረፉ ሳህኖችና ከሕፃናት ጫማዎች መካከል ያገኘሁትን ሲዲ በአራት ዶላር ገዛሁ። «ሪችመንድ ብሉዝ» ይላል፤ ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን የቆየ ሙዚቃ ነው፣ ተጫዋቾቹ ሴፋስ እና ዊጊንስ። ከሽፋኑ ውስጥ መኖር የነበረባት ማብራሪያ መጽሐፍ የለችም። ሻጩን ብጠይቀው «በአራት ዶላር ደግሞ ምን አማረህ?» በሚል ዓይን አየኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን የዚያች መጽሐፍ መጥፋት ለሁለት ወር ያህል እንቆቅልሽ ሲያስፈታኝ ከረመ።

ሲዲውን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ጆን ሴፋስ ሲሆን ሃርሞኒካውን የሚነፋው ፊል ዊጊንስ ነው። ስለ ሁለቱ ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ሴፋስን ነው። አይፈረድበትም፤ ወፍራምና የተረጋጋ ድምፅ አለው፣ አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን የባስ ክሮች ሲረግጥ ሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ይለቅማሉ። ይህ ፒድሞንት የሚባለው የቨርጂኒያና የካሮላይና አጨዋወት ነው። ዊጊንስን ግን «አጃቢው» ብለው ያልፉታል። ስለ ብሉዝ ሃርሞኒካ ሲወራም የሚጠሩት የቺካጎዎቹ ናቸው፤ ማይክሮፎኑን ከሃርሞኒካው ጋር ጨብጠው በድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) የሚያስጮኹት። የዊጊንስ መሣሪያ የገዛ መዳፉ ነው። ሲከፍተው ድምፁ ይፈካል፣ ሲዘጋው ይታፈናል።

ለእኔ ይህን ሲዲ አራት ዶላር ሳይሆን አርባ ዶላር የሚያሰኘው ይኸው ሰው ነው። በ1954 ዋሽንግተን ተወለደ፤ በልጅነቱ የትምህርት ዕረፍቱን አላባማ አያቱ ዘንድ ሲያሳልፍ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መዝሙር ሲያወጡና ሲቀበሉ እየሰማ ነው ያደገው። ይህን ሳላውቅ በፊት ጨዋታውን ስሰማ «ይህ ሰው ተቀባይ ነው» ብዬ ነበር። ሴፋስ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ እስኪወስድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀበላል፣ የተባለውን በራሱ አነጋገር ይመልሰዋል። የማይናገርበትን ቦታ ያውቃል። በሠርግ ቤት አውጪውን ደርቦ የሚጮኽ ተቀባይ ያስመረረው ሰው ይህን ችሎታ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋሽንት የሚነፋ ዘመድ ስላለኝ ይሆናል የገረመኝ። ዋሽንት ትንፋሽን ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሃርሞኒካ ግን ሲተነፍሱም ሲስቡም ይናገራል። የብሉዝ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ሲ (C) በሚባለው ድምፅ የተቃኘውን ሃርሞኒካ ይዘው ጂ (G) በሚባለው ነው የሚጫወቱት፤ ዋና ዋናዎቹን ድምፆች የሚያገኙት ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፣ ሲስቡም ምላሳቸውንና ጉሮሯቸውን አስተካክለው ድምፁን ወደ ታች ያጎብጡታል። ሲያለቅስ የሚመስለን ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ትንፋሹን ወደየት እንደሚስብ ልብ ብላችሁ ስሙ።

ወደ እንቆቅልሹ ልመለስ። ሲዲውን መጀመሪያ በመኪና የከፈትኩት በዐቢይ ጾም ነበር። ባለቤቴ ከሽፋኑ ጀርባ የዘፈኖቹን ርእስ ስታነብ «ፒግሚት ክሬቭ» ላይ ደረሰች። «የአሳማ ሥጋ አምሮት? በሑዳዴ?» አለችና ሽፋኑን እንደሚያቃጥል ነገር መለሰችልኝ። በኋላ ስጠይቅ በድሮዎቹ ብሉዝ ዘፋኞች ቋንቋ «የአሳማ ሥጋ» ማለት ወጣት ሴት ናት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አሳማው ይሻላል።

«ብላክ ራት ስዊንግ» ላይ ያለው ጥቁር አይጥም አይጥ አይደለም፤ የሰው ቤት ተደብቆ የሚበላ ከዳተኛ ነው። እኛ በሰምና ወርቅ ስላደግን እንዲህ ያለው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ግን የእኛ ሰም ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ወርቁ ቢያመልጥህ እንኳ ሰሙ እጅህ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዘፈን ግን ያመለጠኝ ሰሙ ራሱ ነው።

በጣም ያስቸገረኝ «ኪ ቱ ዘ ሃይዌይ» ነው። ዘፋኙ የአውራ ጎዳናው ቁልፍ እጄ ነው ይልና «ቢልድ አውት» ነኝ፣ ልሄድ ነው ይላል። ቢል ማለት ለእኔ የመብራትና የስልክ ሒሳብ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዕዳውን ከፍሎ ከተማውን የሚለቅ ጨዋ ሰው አድርጌ ሳከብረው ቆየሁ። አንድ ማታ ሳህን ሳጥብ አባቴ ትዝ አለኝ። ድሬዳዋ ምድር ባቡር የጭነት ጸሐፊ ነበር። የተጫነ ፉርጎ መድረሻው የተጻፈበት ወረቀት ካልተሠራለት ንቅንቅ አይልም። «ወረቀቱ ወጥቶለታል» ካለ ግን አለቀ፣ ፉርጎው ሄዷል ማለት ነው። ቃሉ በአሜሪካ የባቡር ጭነትም ያው ነው። ሰውየው ስለ ዕዳ አልነበረም የሚዘፍነው፤ ራሱን ወረቀት የወጣለት ፉርጎ እያደረገ ነው። ሳህኑን ትቼ ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

«ዶግ ዴይስ ኦቭ ኦገስት» የዊጊንስ የራሱ ድርሰት ነው። የውሻ ቀናት የሚባሉት ሲሪየስ፣ ማለትም የውሻ ኮከብ፣ ከፀሐይ ጋር አብሮ የሚወጣበት የሐሩር ወቅት ነው፤ ስያሜው ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የመጣ ነው። ነሐሴን በጋቢና በጭቃ ለማውቀው ለእኔ ርእሱ ግራ ቢያጋባኝም፣ የዋሽንግተንን ነሐሴ አሥራ ስምንት ዓመት ከቀመስኩ በኋላ ሃርሞኒካው እንዲያ የሚንፏቀቅበት ምክንያት ገብቶኛል።

እንከን የለውም አልልም። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ ሲሰማ የጊታሩ አረማመድ ይመሳሰልና ዘፈኖቹ ይቀላቀላሉ፤ «ጆን ሄንሪ»ንም ከዚህ በላይ የሚያንቀጠቅጥ ሰምቼዋለሁ። ሦስት ሦስት ዘፈን እየከፈሉ መስማት ይሻላል።

ሴፋስ ሲዲው በወጣ በዓመቱ፣ በ2009 አረፈ። ዊጊንስ በ2017 አገሪቱ ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የምትሰጠውን ከፍተኛውን የክብር ሽልማት ተቀብሎ፣ በ2024 በሜይ ወር አረፈ። ይኖር የነበረው ታኮማ ፓርክ ነው፤ እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። የምትገዙ ከሆነ መጽሐፏ ያለችበትን ግዙ። ከአራት ዶላር በላይ ያስወጣችኋል፣ ግን ሑዳዴያችሁን በሰላም ትጾማላችሁ።