መረባችሁ ውሃ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ይህን ኢንሹራንስ አትግዙ

ዓሳ አጥማጆች፣ የጀልባ ባለቤቶች፣ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ሐይቅ ዳር የምትሠሩ ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ለተሰረቀው መረቤ ካሳ አንከፍልም ካለኝ የኢንሹራንስ ቢሮ አሁን መመለሴ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ግን ኢንሹራንሱን የሸጠልኝ ኤጀንት ነገ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ዓሳ የሚወርድበት ቦታ፣ መጥቶ ሌላ ሰው ያስፈርማል።

የሰውየውን ስም አልጠራም፣ የድርጅቱንም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ዓሳ ከጀልባ ሲወርድ ከተፍ ይላል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ቦርሳ ይዟል። ስለ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ትንፍሽ አይልም። የዓሳ ሾርባ ያዛል፣ የልጆችን ደህንነት ይጠይቃል፣ ስለ ቆሮሶ ዓሳ ዋጋ ያወራል። ከዚያ "የእናንተን ነገር የሚያስብ ሰው እኮ የለም" ይላል። እውነቱን ስለሆነ ጆሯችንን እንሰጠዋለን። ባለ ሱቅ በሩን ቆልፎ ይተኛል። ባለ ባጃጅ ባጃጁን ግቢ ያስገባል። የእኛ ሀብት ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ በሌለው ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ሥራውን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አመሻሽ ላይ በጀልባ ገብተን መረቡን እንዘረጋለን። ሌሊቱን እዚያው ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ እንሰበስበዋለን። ዓሳው የሚያዘው በሌሊት ነው። ስለዚህ የእኛ መረብ ከቤት አይሰረቅም፤ የሚሰረቀው ሥራ ላይ እያለ፣ ውሃ ውስጥ ነው። ይህን ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ እንኳ ጠይቆ ይረዳዋል። ስንትና ስንት ጠዋት እኛ ጋ ሾርባ የጠጣው ኤጀንት ደግሞ አሳምሮ ያውቀዋል። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

መረብ ርካሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክሩ ይገዛል፣ ገመዱ ይገዛል፣ ከታች የሚያሰምጠው እርሳስ ይገዛል፣ ከላይ የሚያንሳፍፈው ይገዛል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ክርና የሞተር ዕቃ የሚቀመስ አልሆነም። ከዚያ ቁጭ ብሎ መሥራት አለ። ባለቤቴና እኔ ስንት ምሽት አብረን ሰፍተነዋል። ጉማሬ ሲበጥሰው እንደገና ቁጭ ብለን እንጠግናለን። የዚያ ሁሉ ምሽት ድካም በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ዝም ብዬ አልፈረምኩም። ጠይቄያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቆሞ ይሰማ ነበር፣ ሾርባ የምትሸጠውም እናት ሰምታለች። "መረቡ ውሃ ውስጥ እያለ ቢሰረቅስ?" አልኩት።

"ሙሉ ነው" አለኝ። "ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ጀልባ ላይ ይሁን፣ ቤት ይሁን፣ ስርቆት ስርቆት ነው። ከፖሊስ ማስረጃ ታመጣለህ፣ እኛ እንከፍላለን።"

ማስረጃ አዘጋጅ ሲለኝም አዘጋጀሁ። እያንዳንዱን መረብ መሬት ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁ። ተንሳፋፊዎቹ ላይ በጋለ ብረት ምልክቴን ተኮስኩ። የሞተሩን ሴሪያል ቁጥር ከነፎቶው ሰጠሁ። የክሩን፣ የገመዱን፣ የእርሳሱን ደረሰኝ አንድ በአንድ ሰብስቤ ኮፒ አደረግኩ። ማኅበራችን ንብረቱ የእኔ መሆኑን ማኅተም አድርጎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ኤጀንቱ ፋይሉን አገላብጦ "እንዲህ የተደራጀ ደንበኛ አይቼ አላውቅም" ብሎኝ ነበር።

ቅጹን የሞላው እሱ ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፖሊሲውም፣ ማለትም የመድን ውሉ፣ እንደዚያው። ንብረቱ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። "ሞተሩ ቤት ያድራል፣ መረቡ ሐይቅ ውስጥ ያድራል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ በባንክ ከፈልኩ፣ ፖሊሲውን በፖስታ አድርጎ አመጣልኝ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ከዚያ መረቡ ተሰረቀ። ጎህ ሲቀድ ገባን፤ ከዘረጋንበት ቦታ ምንም የለም። የቀረው ከመልሕቁ ድንጋይ ጋር የታሰረው የገመድ ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ነው። ጉማሬ የበጠሰውን ገመድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ይተረተራል፣ ይጎተታል። ይኼ ልሙጥ ነው። የዚያኑ ዕለት ለፖሊስ አመለከትኩ፣ የዚያኑ ዕለት ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳወቅኩ፣ ያሳወቅኩበትንም ወረቀት ማኅተም አስመታሁ። ኤጀንቱ ስልክ ላይ "አይዞህ፣ ያልቃል" አለኝ። ከዚያ ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ። ኃላፊው የለም፣ ሲስተም የለም፣ ፋይሉ አዲስ አበባ ሄዷል። ይህን ክፍል ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደክማችሁም።

ዛሬ ጠሩኝ። የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። እኔ "እርስዎ" እያልኩ አናግራታለሁ፣ እሷ "አንተ" ትለኛለች። ቁጭ በል አላለችኝም። ስገባ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ከሥራ መምጣቴን አውቃለሁ፤ ታጥቤ ነበር የሄድኩት። ብቻ እሱን ልለፈው።

የተቆረጠውን ገመድ ይዤ ነበር። በንጹሕ ፌስታል ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከነፌስታሉ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችውና "ይህን አንሳልኝ" አለች። አነሳሁ። ፋይሉን ከፈተች። ፎቶዎቹን አላየችም፣ የማኅበሩን ደብዳቤ አላነበበችም። ቀጥታ ፖሊሲው ጋ ሄዳ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"የገዛኸው ቤት ተሰብሮ ለሚፈጸም ስርቆት ነው። የተሰበረ በር አለ?"

"የምን በር?"

"ንብረቱ የተሰረቀበት ቤት በር። ወይም መስኮት። ሰብሮ ለመግባቱ ምልክት መኖር አለበት።"

"እህቴ፣ መረቡ ሐይቅ ውስጥ ነበር" አልኳት።

"እዚህ ላይ እንደዚያ አይልም።" ቅጹን አዙራ አሳየችኝ። ኤጀንቱ የሞላው ቦታ ላይ ያለውን አነበበችልኝ። መጋዘን ይላል። ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ መጋዘን። እኔ መጋዘን የለኝም። በሕይወቴ መጋዘን ኖሮኝ አያውቅም። ሞተሩ የሚያድረው ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ጥግ ላይ ነው።

"ይህን የጻፈው የእናንተ ሰው ነው። እኔ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚያድረው ብዬዋለሁ፣ ምስክር አለኝ" አልኳት።

"ፊርማው ያንተ አይደል?"

ኤጀንቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ሦስት ጠረጴዛ አልፎ ተቀምጧል። ስሙን ጠርቼ "ንገራት እንጂ" አልኩት። ከሞባይሉ ቀና አላለም። እንደገና ጠራሁት። "የኔ ሥራ ሽያጭ ነው፣ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) እዛው ጋ ጨርስ" አለኝ። የልጆቼን ስም እየጠራ ደህንነታቸውን ሲጠይቅ የነበረው ሰው ነው ይህን ያለኝ።

ያኔ ሠራተኛዋ ለጓደኛዋ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ "ለክር ነው እኮ ይህ ሁሉ" አለቻት። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ለክር! ያ ክር ነው ቤቴን የሚያበላው። ያ ክር ነው የልጆቼን ደብተር የሚገዛው። ሐዋሳ መጥቶ ዓሳ ያልበላ ማን አለ? እሷስ ምሳዋን ዓሳ ስትበላ በምን የተያዘ ይመስላታል?

ነገሩን ከወጣሁ በኋላ አንድ የማውቀው የሕግ ሰው አስረዳኝ። ቤት ሰብሮ ለሚፈጸም ስርቆት የሚሸጥ መድን በራሱ ሕገወጥ አይደለም። ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን፣ በየአገሩ ያለ ነው። ንብረቱ ውሉ ላይ በተጻፈው ቤት ውስጥ መሆን አለበት፣ ሌባውም ሰብሮ ወይም በኃይል መግባት አለበት። ክፍት ቦታ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ቢጠፋ አይሸፍንም። ይህን አሁን ተረድቻለሁ። ታዲያ ለምን ለአጥማጅ ይሸጣል? በር የሌለውን ሰው የበር ዋስትና ገንዘብ ማስከፈል ምን ይባላል? ያለኝ ማስረጃ ሁሉ፣ ፎቶው፣ ምልክቱ፣ ደረሰኙ፣ መረቡ የእኔ እንደነበረ ያረጋግጣል። የእኔ አይደለም ያለኝ ግን ማንም የለም። የተከለከልኩት መረቡ ባደረበት ቦታ ምክንያት ነው። መጀመሪያውኑ የነገርኩት ደግሞ ያንኑ ነው።

ሠራተኛዋ ደረሰኙንም ቢሆን አልቀበልም ልትል ስትዘጋጅ አይቻለሁ። "ይህ የክርና የገመድ ደረሰኝ ነው፣ የመረብ ደረሰኝ የታለ?" ብላኛለች በመሃል። ክርና ገመድ ገዝተን በእጃችን እንደምንሠራ አስረዳኋት። "ስለዚህ ዋጋው አይታወቅም" ብላ ጻፈች። በሩ ኖሮ ቢሆን እንኳ በዚህ ሊይዙኝ ተዘጋጅተው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ መድን መግባት የምትፈልጉ፣ መረቡ ሌሊት ሐይቅ ውስጥ እንደሚያድርና እዚያ እያለ ቢሰረቅ እንደሚከፈል ፖሊሲው ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ካላያችሁ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። የኤጀንት ቃል ምንም አይደለም። ቅጹን የሚያነብላችሁ የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መረቡን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማኅበሩ ዋጋውን ገምቶ በደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፤ ዋጋ ሲጨምር ግምቱ ይታደስ። ጉዳት ሲደርስ ደግሞ አትዘግዩ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ጉዳቱን ባወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፤ የመድን ክሱም በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት፣ ይታገዳል። የሕጉ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል። "ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና" ሲሏችሁ ያ ጊዜ እየተቆጠረባችሁ ነው።

እኔ አልተውኩትም። የኢንሹራንስ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኤጀንትም ቢሆን ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም። አቤቱታዬን ጽፌ ፋይሌን ሙሉውን አያይዤ እልካለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅና ሾርባ ሻጯ እናት የሰሙትን ጽፈው ሊፈርሙልኝ ተስማምተዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ ሰው ያስፈረመው እኔን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ዓሳው የሚወርድበት ቦታ ላይ ቦርሳውን ከፍቶ ተራ ሲያሲዝ ነበር። የፈረማችሁ ፖሊሲያችሁን ዛሬውኑ አውጡ። ንብረቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ምን እንደጻፈላችሁ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። መጋዘን የሚል ካገኛችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ማኅበሩ ቢሮ ስጡልኝ። አቤቱታው የአንድ ሰው ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የብዙዎቻችን ሲሆን ግን ያ ሰው መጋዘኑን ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል።