ከማን ጋር እንደምስቅ ጠየቁኝ፣ ምን እንደምውጥ ግን አልጠየቁኝም

የእኔ ራስ ምታት ሰዓት አክባሪ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ከማጅራቴ ይነሳና ግንባሬ ላይ ይሰፍራል። ሥራዬ የሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንዳቀረቀርኩ እውላለሁ። የዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ መነጽር ታዘዘልኝ። የጥርስ ሐኪሙ «ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ» አለኝ። ሌላው ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሦስቱም ልክ ነበሩ። ግን አንዱ ሌላው ምን እንዳለ አያውቅም። አስታራቂ ያጣሁ መሰለኝ።

የስምንት ሳምንቱን የሁለንተናዊ ጤና ምክር የጠቆመችኝ ጓደኛዬ ናት። በሳምንት አንዴ፣ በቪዲዮ ነው የሚሰጠው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

እውነቱን ለመናገር ሻማና ለስለስ ያለ ሙዚቃ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ጥያቄ ነው። 70 ደቂቃ ሙሉ ጥያቄ። «ራስዎን ሳያምዎት የዋሉት መቼ ነው?» አለችኝ አማካሪዋ። አሰብኩ፤ ጠፋኝ። «ከመተኛትዎ በፊት መጨረሻ የሚያዩት ምንድነው?» ስልኬን። «ከማን ጋር ነው የሚስቁት?» እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ማንም ሐኪም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። (ከዚህች ጥያቄ በኋላ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ተባባልን።)

ያን ዕለት ማታ ትንሽ አነበብኩ። ለካ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ፣ ጤና ማለት የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደህንነት እንጂ በሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም ይላል። ጆርጅ ኤንግል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1977 አካልን፣ አእምሮንና ኑሮን ነጣጥሎ ማከም እንደማያዋጣ ጽፏል። ስለዚህ ጥርጣሬዬን ትንሽ አበረድኩት። ትንሽ ነው ያልኩት።

ከሁሉም የሠራችልኝ አንዲት ወረቀት ናት። አምስት ዓምድ አላት፦ እንቅልፍ፣ ሕመም፣ ለራስ ምታቱ የወሰድኩት፣ እንቅስቃሴ፣ ያገኘሁት ሰው። ማታ ማታ መሙላት ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ አብረን ቆጠርን። ከ28 ቀን ውስጥ ማስታገሻ የዋጥኩት 17ቱን ቀን ነው። ድሮ ብትጠይቁኝ «አልፎ አልፎ» ነበር የምላችሁ፤ ዋሽቼም አይደለም፣ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አማካሪዋ ቁጥሩን አየችና «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፤ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ። ያከበርኳት ያኔ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለዚያውም ከሦስት ወር በላይ ከተወሰደ፣ እሱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ደግሞ ዓመት አልፎኛል። ጠላቴን ስቀልብ ኖሬያለሁ ማለት ነው! «አቁሚው፤ መጀመሪያ ይብስብሻል» አለኝ። ባሰብኝ። ዘጠኝ ቀን ከሰው ጋር መነጋገር አቃተኝ። በአሥረኛው ቀን 10 ሰዓት አለፈ፣ 11 ሆነ፣ ሳላስተውለው።

ሌላው እንደነገሩ ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። እኔ ከ35 ተነስቼ 120 ደርሻለሁ፤ 150 ብላችሁ ውሸት ነው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ መተንፈስ የሚሉት ልምምድ ጭራሽ አልተዋጠልኝም። ስቆጥር ይጨንቀኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥር ሥራ ነው የሚመስለኝ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጥቅል መጣልኝ፤ ከከፈልኩት ውስጥ የተካተተ ነው አሉ። ሁለት ብልቃጥ። አንዱ «ጉበት የሚያጸዳ» እንክብል ነው። ጉበትና ኩላሊት እኮ የጽዳቱን ሥራ ቀን ከሌት ራሳቸው ይሠሩታል። እሺ፣ ይሁን። ሁለተኛውን ገልብጬ ሳነብ ግን ደሜ ፈላ፦ ካልሲየም፣ ብረት፣ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን። እኔ አንገት ላይ ላለው የታይሮይድ ዕጢዬ ሌቮታይሮክሲን የሚባል መድኃኒት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እወስዳለሁ። ካልሲየምና ብረት መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ባዮቲን ደግሞ መጠኑ ሲበዛ የታይሮይድ የደም ምርመራን ሊያዛባ ይችላል። ይህን እኔ ሕመምተኛዋ አውቃለሁ። «ሙሉ ሰው እናያለን» ያሉኝ ሰዎች ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምወስድ አንዴ እንኳ አልጠየቁኝም።

ስጽፍላቸው የመለሱልኝ «ቀድመው ሊያሳውቁን ይገባ ነበር» የሚል ነው። ይታያችሁ። አማካሪዋ ግን ራሷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እንክብሉን የምትመርጠው እሷ አይደለችም፤ አምናታለሁ። ብልቃጦቹን መለስኩ።

ለአማካሪዋ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለድርጅቱ ሁለት፣ እሱም ለወረቀቷ ሲባል። እንደ እኔ ሕመሙ የቆየባችሁና ከሐኪም ሐኪም መዞር ያደከማችሁ ካላችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ምክር ይጠቅማችሁ ይሆናል፤ እንክብሉን ብቻ ተዉት። ራስ ምታቱ ድንገት የመጣ፣ አይታችሁት የማታውቁት ዓይነት ከሆነ፣ ወይ እጅ እግር ካዛለ፣ ወይ አንደበት ካሰረ ግን ይሄን ማንበብ ትታችሁ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ምክሩ አልቋል፤ ወረቀቷን ግን አሁንም እያተምኩ እሞላለሁ። ባለፈው ወር ማስታገሻ የወሰድኩት 4 ቀን ነው። በእስክሪብቶ አስምሬ ስድስተኛ ዓምድ ጨምሬባታለሁ፦ «ሌሎች መድኃኒቶች»።